የሶፍቱ ስኳር 5.7 ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የእጅ ሰዓት ነው። ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አምና ስትመጣ ለእናቴ ይዛላት የመጣች ናት። ካርቶኗ ላይ የልብ ምት፣ ደም ግፊት፣ ኦክስጅን ይላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደም ጠብታ ስሎ ያለ መርፌ ስኳር ትለካለች ይላል። እናቴ ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ የጣቶቿ ጫፍ ወንፊት ሆኗል። ስትሪፕ (የደሙ ጠብታ የሚነካበት፣ መለኪያው ውስጥ የሚሰካው ቀጭን ቁራጭ) ሲወደድና አንዳንዴም ከነጭራሹ ሲጠፋ እያየ ለኖረ ሰው ይህቺ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነች አስቡት። ልጅቷን መርቃ አልጠገበቻትም።

ሰዓቷ ሁልጊዜ አምስት ነጥብ ምናምን ነው የምትለው። 5.4፣ 5.6፣ 5.8። እኛ የለመድነው በሚሊግራም፣ የሰዓቷ ግን በሚሊሞል ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር፣ በኋላ ነርስ የሆነች ጎረቤታችን በ18 አባዙት አለችን። 5.6 ሲባዛ 100 ገደማ ይመጣል። ከዚህ በላይ ደስ የሚል ቁጥር ከየት ይገኛል? እናቴ ቀስ በቀስ ጣቷን መወጋት ተወች። ለምን ስንላት «ደህና ነሽ እያለችኝ!» ነው መልሷ።

በፍልሰታ አንድ ቀን (እንዳትጾም ሐኪሙም የንስሐ አባቷም ነግረዋታል፣ ግን እናንተም እናት አላችሁ) ጠዋት መድኃኒቷን ተወግታ፣ ምንም ሳትቀምስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እኔን በሞተው አጎቴ ስም ትጠራኛለች። ሰዓቷን አየሁ። 5.8። አላመንኩም። መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ ጣቷን ወጋሁት፣ 48 አለ። ከ70 በታች ከወረደ ተጠንቀቁ ሲባል የከረምን ሰዎች 48 ስናይ ምን እንደሆንን አልነግራችሁም። ስኳር በጥብጠን አጠጣናት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወደ ራሷ ስትመለስ መጀመሪያ ያለችው «ጾሜን አስገደፋችሁኝ» ነው።

በማግስቱ ንዴቴ አልወጣልኝ ሲል ሰዓቷን ከእጇ ፈትቼ የሶፍት ጥቅልል ላይ አሰርኳት። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ የልብ ምት 78፣ ስኳር 5.7። ሶፍቱ ከቤታችን ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው።

ሰዓት የልብ ምት ይቆጥራል፣ እሱ ውሸት አይደለም። አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ ያበራል፣ ደም ያንን ብርሃን ይውጠዋል፣ ልብ በመታ ቁጥር እዚያ ጋ ያለው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ያንን ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው የሚቆጥረው። ደህና ሰዓት ከሆነ ሥራውን ይሠራል። ኦክስጅኑ ላይ እንኳ ጥርጣሬ አለኝ፤ በ2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚደረጉት መለኪያዎች ራሳቸው የጥቁር ሕመምተኞችን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚስቱ አሳይቷል። ስኳር ግን ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እለካለሁ ለሚል ለአንድም ሰዓት ወይም ቀለበት ፈቃድ አልሰጠሁም ብሏል።

እውነተኛው አለ እኮ። ሊብሬ የሚባለውን ክንዳቸው ላይ ለጥፈው ከውጭ የሚመጡ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ናት፣ ከሥሯ ፀጉር የመሰለች ክር ቆዳ ውስጥ ትገባለች፣ ክሯ ላይ ያለው ኢንዛይም ስኳር ሲያገኝ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ የሚለካው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ሊብሬ 14 ቀን ትቆይና ትጣላለች። እሷም ብትሆን የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ደቂቃዎች ወደኋላ ትቀራለች፣ ስለዚህ የሚሰማህና ቁጥሩ ካልተስማማ ጣትህን ተወጋ ይባላል። ቆዳ ውስጥ የገባችው ይህን ያህል ጥንቃቄ ከፈለገች፣ ላይ ላዩን መብራት የምታበራዋን ምን እንበላት?

ሰሞኑን አንድ የስልክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ያቺኑ የመሰለች ሰዓት አየሁና ስኳሩን በትክክል ታውቃለች ወይ አልኩት ልጁን። «ወንድሜ፣ ሁሉንም ትለካለች፣ ለፋዘር ነው?» አለኝ። ልጁን አልፈርድበትም፣ ካርቶኑን ነው ያነበበልኝ። ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያንም ቁጥጥር ውስጥ አስገብቷል፣ ስኳር እለካለሁ ብሎ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ በእኔ አስተያየት ከቀበቶና ከመነጽር ጋር የሚደረደር ጌጥ አይደለም። የሚመለከተው አካል ቢያንስ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ፣ ይህ ሰዓት ስኳር አይለካም ብሎ ይናገርልን። እናንተም በጤና ገጻችሁ አንድ ቀን ቦታ ስጡት። ከውጭ ለቤተሰብ ስጦታ የምትልኩም፣ በዚያው ብር ስትሪፕ ግዙ፣ ከቤታችሁ መለኪያ ጋር የሚሄደውን ጠይቃችሁ።

እናቴ ሰዓቷን አሁንም አልጣለቻትም። የልጅ ስጦታ አይጣልም ባይ ናት፣ ሰዓት ታይባታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ስንት እርምጃ እንደሄደች ትቆጥርባታለች። ስኳሯን ግን ጣቷን ወግታ ነው የምታየው፣ ትናንት ጠዋት 131 ነበር፣ ሰዓቷ 5.6 ስትል።

አንባቢያችሁ
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ