ይድረስ ጀልባ ላይ ላለው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው ደውለህ ‹‹አባዬ፣ ድራይፈስን ሰጡኝ!›› ስትለኝ ደስታዬን በወጉ ሳልነግርህ ስልኩ ተዘጋ። አጠፋሁ። የአሜሪካዊውን ተዋናይ የሪቻርድ ድራይፈስን ሳቅ አስመስለህ ስታሰማን እናትህ ‹‹ራሱ ነው! ራሱ ነው!›› እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ለእኔም ደገምክልኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ቅር እንዳሰኘህ ከድምፅህ ገባኝ። ሳቁ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ቁርጥ እሱን ነበር። ያስፈራኝም እሱው ነው። ለምን እንዳስፈራኝ በስልክ ማስረዳት አልችልበትም፤ ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ቢረዝምብህ ከልምምድ በፊት ሳይሆን ከልምምድ በኋላ አንብበው።

የምትሠሩት ተውኔት የሻርኩ ፊልም ‹‹ጆውስ›› ሲቀረጽ ጀልባ ላይ ስለከረሙ ሦስት ተዋንያን ነው ብለኸኛል። የዚያን ቀረጻ ወሬ የሲኒማ ሰው ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1974 ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው የአሜሪካ ደሴት ተጀመረ፤ በ55 ቀን ያልቃል የተባለው 159 ቀን ፈጀ። ሻርኩ በማሽን የሚንቀሳቀስ ነው። ሠራተኞቹ ብሩስ ይሉታል፤ የዳይሬክተሩን የስፒልበርግን ጠበቃ ስም ነው ያወጡለት (ጠበቃው ምን እንዳለ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር)። ቀረጻው በገንዳ ሳይሆን በእውነተኛ ባሕር ላይ ስለነበር ጨዋማው ውሃ የብሩስን ሆድ ዕቃ በላው። ዛሬ ቢጠገን ነገ ይቆማል። ሻርኩ ሲቆም ሦስቱ ሰዎች፣ ሮይ ሻይደር፣ ሮበርት ሾውና ያንተው ድራይፈስ፣ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የላቸውም።

ዛሬ እኔና አንተ ያ ብልሽት ፊልሙን እንደጠቀመው እናውቃለን። ስፒልበርግ ሻርኩን ማሳየት ስላልቻለ የውሃውን ገጽ፣ የሚንሳፈፉትን በርሜሎች፣ የጆን ዊልያምስን ሙዚቃ አሳየን፤ ያላየነው ካየነው በላይ አስፈራን። ፊልሙ በጁን 1975 ወጥቶ የዓለምን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ሁሉ አንተ ታውቃለህ። ጀልባው ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን አያውቅም። ልነግርህ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

አስበው፤ ድራይፈስ 26 ዓመቱ ነው፣ ልክ እንዳንተ። ሥራውን መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት የሠራውን ፊልም ሲያይ ግን በገዛ ትወናው ደነገጠ፤ ይህ ከወጣ ማንም አይጠራኝም ብሎ ፈራና ተመልሶ ስፒልበርግን ሥራውን ለመነው። ፍርሃት ነው ጀልባው ላይ ያስቀመጠው። ከተቀመጠም በኋላ ፊልሙ ይወድቃል ብሎ ያምን ነበር፤ ለጋዜጠኞችም ተናግሯል። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ‹‹ዘ ጉድባይ ገርል›› በሚባል ፊልም ኦስካር ይሸለማል፤ በጊዜው በመሪ ተዋናይ ዘርፍ እንደሱ በልጅነቱ ያገኘ አልነበረም። አንተ ግን ያንን ኦስካር በኪስህ ይዘህ መድረክ ላይ ከወጣህ ተበላሸ። ተመልካቹ ኪስህ ማበጡን ያያል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። እናትህ እንኳ ሙሉውን አታውቀውም።

ያኔ 31 ዓመቴ ነው። አንድ ድሮ የተሠራ ትልቅ ፊልም እንዴት እንደተቀረጸ የሚያሳይ ተውኔት ነበር፤ የዝነኛውን ተዋናይ ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። የሰውየው ድምፅ በካሴት ነበረኝ። አራት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ አዳመጥኩት፤ ካሴቱ ተስቦ ድምፁ እስኪወፍር ድረስ። አካሄዱን፣ ሲጋራ አያያዙን፣ ቃል ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው የሚስባትን አየር ሳይቀር ያዝኩ። መጋረጃው በተከፈተበት ምሽት የመጀመሪያዋን ቃል ሳወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጄ፣ ያንን ጭብጨባ አሁንም እሰማዋለሁ። ጭንቅላቴ ከጣሪያው በላይ ሄደ።

ከዚያ ሁለተኛው ገቢር መጣ። ሰውየው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ብቻውን ቁጭ ብሎ ከዳይሬክተሩ መልእክት ይጠብቃል፤ ሊያባርሩት ይሆናል፣ ላያባርሩትም ይችላል። ቃለ ተውኔቱ ሦስት መስመር ብቻ ነው። እኔም ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ሲጋራ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው ከመሀል ሳለ። ቀጥሎ ሌላው። የቲያትር ቤት ሳል እንደ ማዛጋት መሆኑን ታውቃለህ፤ አንዴ ከጀመረ አይመለስም። ሲያልቅ ልብሴን ቀይሬ ስወጣ መብራት የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ‹‹መጀመሪያ ያጨበጨቡት ለእሱ ነው፤ ላንተ ሊያጨበጭቡ ሲጠብቁ ነው ሰዓቱ ያለቀው›› አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

በአዘጋጁ አላሳበብኩም፤ በጸሐፊውም እንዲሁ። አራት ወር ሰውየው እንዴት እንደሚናገር አጠናሁ፤ ያን ምሽት ምን እንደፈራ ግን አንዲት ማታ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም።

ታዲያ ሳቁን ጣለው ማለቴ አይደለም። ዝነኛ ሰው ሆነህ ስትወጣ ተመልካቹ እንደ በር ጠባቂ መታወቂያ ይጠይቅሃል። አሳየውና ግባ። እስከ መጨረሻው ካርዱን ከፍ አድርጎ የሚዞር ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ምሽት እሱን ነበርኩ።

ስለ ‹‹ጎድፋዘር›› አሠራር በ2022 የወጣውን አሥር ክፍል ድራማ፣ ‹‹ዘ ኦፈር››ን፣ አይተኸዋል አይደል? ጀስቲን ቻምበርስ ነው የፊልሙን ተዋናይ ማርሎን ብራንዶን የሚሆነው። ስለ ድራማው ብዙ የምለው የለኝም፤ በየቦታው ይጣደፋል። የብራንዶ ወሬ ግን ላንተ ይጠቅምሃል። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ብራንዶን አልፈልግም ሲል ዳይሬክተሩ ኮፖላ ካሜራ ይዞ ቤቱ ድረስ ሄደ። ብራንዶ ፀጉሩን በጫማ ቀለም አጠቆረ፣ ጉንጩ ውስጥ ወረቀት ወተፈ፣ ማጉረምረም ጀመረ። ዓለም ሁሉ ዛሬ የሚቀልድበት ያ ድምፅ የዚያን ዕለት ጠዋት ገና አልተፈጠረም ነበር። ስለዚህ ብራንዶን የሚጫወት ሰው ድምፁን ይዞ ከገባ ተሸነፈ፤ መጫወት ያለበት አንድ ወረቀት በእጁ የያዘ፣ ያዋጣ አያዋጣ የማያውቅ የ46 ዓመት ሰው ነው።

ወደ ጀልባችን ልመለስ። ያንን ቀረጻ መጀመሪያ መድረክ ላይ ያወጣው ማን እንደሆነ ሳትሰማ አትቀርም፤ የሮበርት ሾው ልጅ ኢየን ሾው ነው። እሱም ተዋናይ ነው። ለአንድ ሥራ ብሎ ጺሙን ሲያሳድግ መስታወት ውስጥ የአባቱን ፊት አየ፤ ያንኑ የ‹‹ጆውስ››ን ሻርክ አዳኝ። አባቱ በ1978 ሲሞት ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከጆሴፍ ኒክሰን ጋር ሆኖ ‹‹ዘ ሻርክ ኢዝ ብሮክን››ን ጻፈ፤ በ2019 ኤድንብራ፣ በ2021 ለንደን፣ በ2023 ብሮድዌይ። አባቱንም ራሱ ተጫወተው። ብሮድዌይ ሲደርስ ዕድሜው አባቱ ካረፈበት 51 ዓመት አልፎ ነበር። አባቱን ከአባቱ በላይ አርጅቶ መጫወት! ይህን ሳነብ ጋዜጣውን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። መጠጡን ሳይቀር ነው ያሳየው፤ አላሽሞነሞነውም። ልጅ ስለሆነ ሊሸፍንለት ይችል ነበር፤ ግን የተሸፈነ ሰው መድረክ ላይ አይታይም።

የሌላውንም ወገን አስብ። ድራይፈስ በሕይወት አለ። ያን ተውኔት ሄዶ አየው፤ እንዳልተመቸው፣ እንደጎዳውም ተናግሯል። እኔ በማን ልፍረድ? ከሃምሳ ዓመት በፊት ያሳለፍከውን ክፉ ወቅት ሌላ ሰው ልብስህን ለብሶ፣ ሰው እየሳቀበት ሲያሳይህ ማን ይመቸዋል? ልጁ ተውኔቱን አይጻፍ ነበር አልልም። አንተ ግን ልምምድ ስትሄድ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ያያል ብለህ ግባ። እንዲወድህ ሳይሆን እንዳታፌዝበት። ያ ወጣት ተለዋዋጭ፣ ለፍላፊ፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራ ሆኖ ከተጻፈ ተመልካቹ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ። አንተ ግን ከተመልካቹ ጋር ሆነህ አትሳቅበት።

ሮበርት ሾው ያን ወጣት በነገር ይነካካው እንደነበር ራሱ ድራይፈስ ደጋግሞ አውርቶታል። አንዱን ልንገርህ፤ የጀልባዋን ምሰሶ ወጥተህ ከላይ ባሕሩ ውስጥ ዝለል፣ ገንዘብ እሰጥሃለሁ ይለዋል። አይሆንም ሲባል ገንዘቡን ይጨምራል። በመጨረሻ ስፒልበርግ ነው አይሆንም ብሎ ያስቀረው። ይህ በጽሑፋችሁ ካለ ከሾው ጋር መጨቃጨቁን ተወው። ምሰሶውን ቀና ብለህ እየው። አንዴ ብቻ፤ አንገትህ እስኪያምህ ድረስ ቀስ ብለህ። ተመልካቹ ልጁ በልቡ ሲያሰላ ካየ በቂ ነው፤ ከፍታውን፣ ገንዘቡን፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰውየው ወንድ ነህ ይለው እንደሆነ።

አዘጋጃችሁን የምትጠይቅልኝ አንድ ነገርም አለ። ሦስታችሁን ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ስልክ፣ ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ያስቀምጣችሁ። ማን ቀድሞ እንደሚያወራ እዩ። እኔ ድራይፈስ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሳቁ።

ትናንት ማታ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። እናትህ ተኝታ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ አየሁ። ሌሊት ነው፣ ሦስቱ ጀልባው ሆድ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ጠባሳቸውን ያሳያያሉ። ጠጥተዋል። የድራይፈስ ሳቅ፣ አንተ በስልክ ያሰማኸን ያው ሳቅ፣ ጓዳውን ሞልቶታል። ሻይደር የሾውን ክንድ አይቶ ያ ምንድን ነው ይለዋል። ንቅሳት ነበር፣ አስጠፋሁት ይላል ሾው። ድራይፈስ ‹‹እናቴ›› የሚል ነበር አይደል ብሎ ይቀልድና በራሱ ቀልድ ፍርስ ይላል። ሾው እጁን ክንዱ ላይ ያደርግበትና የመርከቢቱን ስም ይነግረዋል፤ ኢንዲያናፖሊስ። በ1945 የሰጠመችው፤ 1,200 ገደማ መርከበኞች ይዛ 316 ብቻ የተረፉባት።

እዚያ ላይ የልጁን ፊት አቁሜ ደግሜ አየሁት። ስድስት ጊዜ ይሆናል። ሳቁ አያልቅም፣ ይቆረጣል። አፉ ገና እንደተከፈተ ነው፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሾው ያን ረጅም ንግግር ይናገራል፤ ጸሐፊም ስለነበር ቃሉን ራሱ አስተካክሎታል፣ መጀመሪያ ሰክሮ ሞክሮት አልሆን ብሎት በማግስቱ ነው የተሳካለት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ንግግሩ ነው። እኔ ግን ትናንት ያየሁት አዳማጩን ነው። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ያ ጓዳ ጠበበ።

ያን ሳቅ እንዴት እንደሚጀመር ችለኸዋል። እንዴት እንደሚቆረጥ አጥናልኝ።

ስድስት ዓመትህ ሳለ እኔን አስመስለህ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ እንደነበር ታስታውሳለህ? ጽሑፍ እያጠናሁ ነው ትላለህ፣ ባዶ ወረቀት ይዘህ። ቃል ሲጠፋብህ ቀኝ ጆሮህን ታሸዋለህ። ከየት አመጣው ብዬ እናትህን ጠየቅኋት፤ ‹‹ካንተ ነዋ›› አለችኝ። ለካ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ጆሮዬን ሳሽ ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ አቆምኩት። ባለፈው እኛ ዘንድ ስትመጣ ሶፋው ላይ ተጋድመህ ጽሑፍህን ስታጠና አየሁህ፤ አንተ አላቆምክም። አታቁመው። ድራይፈስ ጆሮውን የሚያሽ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ አረጋግጥ።

የሚከፈትበትን ቀን አሳውቀን። እናትህ ከፊት ልቀመጥ ብላለች። እኔ ከኋላ ነኝ። ሳል ከያዘኝ አልመጣም።

አባትህ