ቡና አቅራቢውን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ኩባንያዎች ከክፍት ብሎክቼይን ይልቅ ዝጉን ለምን እንደሚመርጡ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ፣ የገባበት መረጃ በቀላሉ የማይለወጥ የጋራ መዝገብ ነው፤ ክፍቱን ማንም ያየዋል፣ ዝጉን ግን የተፈቀደለት ብቻ ነው። ባንኮች ተጠይቀዋል፣ የሶፍትዌር ድርጅቶች ተጠይቀዋል፣ ትልልቅ ገዢዎችም ተጠይቀዋል። መረጃውን ከታች የሚያስገባው አቅራቢ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠውም። እኔ ሲዳማ ውስጥ ለቡና አቅራቢዎች የመረጃ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ዘገባው በጣም አናዶኛል።

በተለይ ያንገበገበኝ በክፍት ብሎክቼይን ላይ የንግድ ምስጢር ለዓለም ሁሉ ይጋለጣል የምትለዋ አባባል ናት። ስህተት ናት። ውልና ዋጋን ወይም የገበሬን ስም እንዳለ ክፍት መዝገብ ላይ የሚጭን ካለ ጥፋቱ የሱ ነው። የተለመደው አሠራር ሰነዱን እጅ ላይ አስቀርቶ ሃሹን ብቻ መመዝገብ ነው። ሃሽ ከሰነዱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ከሰነዱ አንድ ፊደል ቢለወጥ ሃሹ ይለወጣል። በኋላ ሰነዱን ነካክቶ ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ወዲያው ይያዛል። ሰነዱን ግን ማንም መንገደኛ አያነበውም።

ክፍቱ እንከን የለውም አልልም። የአገልግሎት ክፍያው ይዋዥቃል። ማን በስንት ጊዜ እንደሚመዘግብ አይቶ የንግዱን እንቅስቃሴ መገመትም ይቻላል። ይህን ብትጽፉ ኖሮ እስማማ ነበር።

ዝጉስ? ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ለምን አልጠየቃችሁም? የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክና የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ትሬድሌንስ የሚባለውን የጭነት ሰነዶች ዝግ መድረክ ሲጀምሩ ሌሎች የመርከብ ድርጅቶች አመንትተው ነበር። ባለቤቱ ተፎካካሪያቸው ነዋ! በኋላ ትልልቆቹ ቢገቡም አልዳነም። እንደሚዘጋ የተነገረው በ2022 መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ እንዴት ይዘለላል?

የኛ ቁስል ደግሞ ገና አልሻረም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን መለካት አለበት፤ ላነሰው ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይበቃል። የኛ ገበሬ ማሳ ትንሽ ነው፣ ገበሬው ግን ብዙ ነው። ወጣቶቻችን ስልክ ይዘው በጭቃ ከማሳ ማሳ ዞሩ። የእያንዳንዱን ገበሬ እሸት ቡና ከሎቱ፣ ማለትም አንድ ላይ ከሚሸጠው ጭነት ጋር አያያዙ። ሁሉንም አንድ ገዢ ባቀረበልን ዝግ መድረክ ላይ አስገባን። ከዚያ ገዢው ከሌላ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር ተዋዋለ። መግቢያችን ተቆለፈ። መረጃችንን ስጡን ስንል ማውጣት አይቻልም ተባልን። ያንኑ ሥራ ከዜሮ ጀመርን፤ ወጪውን የሸፈነልን የለም። ምስጢራችን ተጠብቋል፣ አዎ። የተጠበቀው ግን ከራሳችን ነው!

ኩባንያዎች ዝጉን የሚመርጡት መቆጣጠር ስለሚፈልጉ ነው። መብታቸው ነው። እናንተ ግን ይህን ፍላጎት የደኅንነት ጉዳይ አድርጋችሁ አቀረባችሁት። በሚቀጥለው ዘገባ ሁለት ነገር ጠይቁልን። መድረኩ ሲዘጋ መረጃው ለማን ይቀራል? አቅራቢው ያስገባውን በሙሉ አውጥቶ መውሰድ ይችላል? መልሱን ከገዢዎች ብቻ አትቀበሉ። ይርጋለምና አለታ ወንዶ ድረስ ደውሉ፤ ስልክ እናነሳለን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲዳማ