ለትንንሽ የሥራ ቦታዎች የጋራ የጤና ክትትል ይፈቀድ

ይድረስ ለሥራ ደኅንነትና ጤንነት ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሠራተኞች ጤና ክትትል ላይ የተሰማራሁ ነርስ ነኝ። በጥጥ መፍተያ ክፍል የሚሠራ ሰው ከዕረፍቱ ተመልሶ ሥራ በጀመረበት ዕለት ደረቱን ይጨንቀዋል፤ በማግሥቱ ሻል ስለሚለው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ብናኙን ለዓመታት ሲተነፍስ ከቆየ ግን ሕመሙ ሳምንቱን ሙሉ የሚዘልቅ፣ በመጨረሻም የማይድን ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ከፈረቃው በፊትና በኋላ፣ ትንፋሹን የሚተነፈሰውን አየር መጠንና ፍጥነት በሚለካው ስፓይሮሜትር ለክቶ ሁለቱን ውጤቶች ማስተያየት ጉዳቱን በጊዜ ያመለክታል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ነው፤ ምርመራውም ረጅም ሰዓት አይወስድም።

ሆኖም ሃያ ሠራተኞች ያሉት ወርክሾፕ የራሱን ክሊኒክ ማቋቋም አይችልም፤ ለትርፍ የቆመ የጤና ተቋምም ለጥቂት ሰዎች ሲል አይመጣም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው፣ ከብዙ ትንንሽ ድርጅቶች መጠነኛ ክፍያ ሰብስቦ ተዘዋዋሪ ቡድን የሚያሰማራና ትርፉን ሳይከፋፈል ለመሣሪያና ለሥልጠና የሚያውል ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 161ም አገልግሎቱ ለበርካታ ድርጅቶች በጋራ ሊደራጅ እንደሚችል ይደነግጋል።

የሚያሳስበኝ ከፋዩ አሠሪው መሆኑ ነው። በአንድ የሥራ ቦታ የምርመራ ውጤት በስም ተዘርዝሮ ለአሠሪው ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ሳላቸውን እየደበቁ መጡ፣ እኛም የምንለካው ነገር ትርጉም አጣ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ኢንተርፕራይዝ ፈቃድ የሚሰጥበት መመሪያ የግል ውጤት ለሠራተኛው ብቻ እንዲነገር፣ አሠሪው ግን ስም ሳይጠቀስ የትኛው ክፍል ሰው እየጎዳ እንደሆነ እንዲያውቅ ማስገደድ አለበት። ስምምነቱ ራሱ ለባለሙያዎቹ ሙሉ ነፃነትን፣ ለሠራተኞቹም ያለ ክፍያና ደመወዝ ሳይቀነስባቸው የሚደረግ ምርመራን ያዛል።

መለካት ብቻውን ማንንም አያድንም። ብናኝ የሚያመነጨው ማሽን ካልተሸፈነና አየሩን የሚመጥጥ መሣሪያ ካልተገጠመለት፣ ጭምብል ማደል በቂ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጋራ ባወጡት ግምት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሥራ ጋር በተያያዘ በሽታና ጉዳት ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደለው አደጋ ሳይሆን በሽታ ነው። ኢንተርፕራይዙ የጠቆመውን እርማት አሠሪው በተወሰነ ጊዜ ካልፈጸመ ጉዳዩ ወደ እናንተ ተቆጣጣሪዎች እንዲደርስ ይደረግ።

መመሪያው ከመረቀቁ በፊት ሠራተኞችና የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች የሚናገሩበት ስብሰባ እንዲጠሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።