ለእማዬ፣ ስለ ሽንቱ ጉዳይ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት በስልክ «ሽንቴን ትንሽ ያቃጥለኛል፣ ብርድ ነው» አልሽና ወሬ ቀየርሽ። ሰው አጠገብሽ እንደነበረ ገብቶኛል። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ብርድ አይመስለኝም። ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሄደሽ ጠብታ ብቻ መውጣቱ፣ ይሄ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ፊኛ ጋ ለመድረስ አይቸገርም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ አካባቢው ይሳሳል፣ የሚከላከሉት ጥሩ ባክቴሪያዎችም ይመናመናሉ። የንጽህና ጉድለት አይደለም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በተደጋጋሚ የሚመጣብሽ ከሆነ በብልት ውስጥ የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም አለ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ።

እኔን የሚያሰጋኝ ያ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥሽው ትርፍራፊ ኪኒን ነው። እባክሽ እንዳትነኪው። ለዚህኛው ባክቴሪያ ላይሠራ ይችላል፣ ምርመራውንም ያበላሻል። መጀመሪያ ሽንት ስጪ። የመጀመሪያውን ልቀቂና የመሃሉን ተቀበዪ። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ከታዘዘ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። ሐኪሙ ሳይጠብቅ መድኃኒት ሊጀምርልሽ ይችላል፣ ሽንቱ ግን ቀድሞ ይሰጥ።

የግፊት ኪኒንሽን ከነካርቶኑ ያዢ። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲጨመርለት የደሙ ፖታሲየም በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ሊል ይችላል። ኒትሮፉራንቶይን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ደግሞ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይመከርም። እነዚህን ሐኪሙ ያውቃል፤ አንቺ ምን እንደምትወስጂ ካልነገርሽው ግን ከየት ያመጣዋል? ሲሻልሽም እንደልማድሽ አታቋርጪ፣ የታዘዘልሽን ጨርሺ።

ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ከመጣ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጠሮ የለም፣ ያኑ ቀን ሆስፒታል። ድንገት ነገር ቢምታታብሽም እንዲሁ፤ ይሄን ለአባዬም ንገሪው፣ አንቺ ላታስተውዪው ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሌላ ጊዜ ምንም ሳያምሽ «ሽንትሽ ላይ ባክቴሪያ አለ» ቢሉሽ አትደንግጪ። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው፣ ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ሽንት እንዳይመጣብሽ ብለሽ ውሃ መቀነሱንም ተዪው።

ነገ ማታ እደውላለሁ። ሰው ካለ «ሰጥቻለሁ» ብቻ በዪኝ፣ ይገባኛል።

ልጅሽ