ለተራራ ጉዞ የብስክሌት ጭነት ከኋላ ብቻ አይቆለል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ያወጣችሁት ጽሑፍ ዕቃን ሁሉ ከኋላ መጫኛ ላይ ማሰር፣ የተረፈውን በጀርባ ቦርሳ መያዝ እንደሚበቃ ይመክራል። ለሜዳ መንገድ ያስኬድ ይሆናል። ዳገትና ቁልቁለት ለሚፈራረቅበት ጉዞ ግን ምክሩ አደገኛ ስለሆነ እርምት ያስፈልገዋል።

ሜዳ ላይም ቢሆን ከብስክሌተኛው ክብደት አብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማ ነው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ብስክሌቱ፣ ሰውየውና ዕቃው ተደምረው 100 ኪሎ ቢሆኑ፣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ከፊት ጎማ ተነስቶ ወደ ኋላ ይዞራል። በዚህ ላይ 20 ኪሎ ዕቃ ከኋላ ከተጨመረ የፊት ጎማው መሬት መንከስ ያቅተዋል። በከባድ ዳገት ደግሞ ፍጥነቱ የእግረኛ ያህል ነውና መሪው ግራ ቀኝ ይዋልላል፣ መስመር ጠብቆ መውጣት ፈተና ይሆናል።

ቁልቁለቱ ይብሳል። ከኋላ ከፍ ብሎ የተቆለለ ጭነት ቴላዮውን፣ ማለትም ጎማዎቹና ኮርቻው የሚገጠሙበትን የቱቦ አጽም፣ ስለሚጠመዝዘው ፍጥነት ሲጨምር መሪው በራሱ መርገፍገፍ ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ መሪውን ጨምድዶ መታገል ነገሩን ያባብሰዋል። ሁለቱን ጉልበቶች ከላይኛው የቴላዮ ቱቦ ጋር አጣብቆ መያዝ፣ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ማለትና ፍሬኑን ቀስ በቀስ መጫን ነው የሚያዋጣው።

ስለዚህ ጭነቱ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈል። ለ20 ኪሎ ዕቃ የሚስማማው አከፋፈል ይህን ይመስላል፦ በፊት ጎማ ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሃል ከፍታ ላይ በሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ፤ በኋላ ሁለት የጎን ቦርሳዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ፤ የቀረው 4 ኪሎ ደግሞ በቴላዮው መሃል። ምግብና ምድጃን የመሰለ ትንሽ ሆኖ የሚከብድ ዕቃ ከፊት ዝቅ ይበል። ልብስና የመኝታ ከረጢት ወደ ኋላ ይሂዱ። መፍቻ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያና ውኃ በቴላዮው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቢሆኑ ከሁሉም ይሻላል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን ብዙዎች ሲጭኑ ይዘነጉታል። ግራና ቀኙ ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዳይበላለጥ በእጅ ሚዛን አንጠልጥሎ ማየት ይጠቅማል።

መሪው ላይ የሚታሰር ቦርሳ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ከመሪው ጋር አብሮ ስለሚዞር መታጠፊያ ላይ ያስቸግራል። ከኮርቻው ስር የሚንጠለጠለውም ቢሆን ለቀላል ልብስ ብቻ ነው፤ ከከበደ በእያንዳንዱ የፔዳል ምት ይወዛወዛል፣ ጉድጓድ ሲያጋጥም ጎማውን ይነካል። የጀርባ ቦርሳን እስከ ጭራሹ መተው ነው። ክብደቱ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ያደርጋል፣ ትከሻን ይሰብራል፣ መቀመጫን ያቆስላል።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ትልቁ ጉዳይ ግን ብሎኖቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ሸክም ብዙውን ጊዜ የሚይዙት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጥቂት ብሎኖች ሲሆኑ፣ የኮረኮንች ንዝረት ቀስ በቀስ ያላላቸዋል። የላላው ብሎን ይጎብጥና ይሰበራል፤ መጫኛው ወደ ጎማው ሲጋደል ቁልቁለት ላይ ከሆነ ውጤቱ መውደቅ ነው። ስትገጥሙ ከእያንዳንዱ ብሎን ስር ራንዴላ አድርጉ፣ በብሎኑ ጥርስ ላይ እንዳይላላ የሚያደርግ ማጣበቂያ ጠብታ ቀቡ። በካቴናው በኩል ያለው ብሎን ጫፉ ወደ ውስጥ ካለፈ ካቴናው በኋላ ጎማው ትንሿ ባለጥርስ ክብ ላይ ሲሆን ስለሚመታው ርዝመቱን ለክታችሁ ቁረጡት። ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥብቁ፤ ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በእጅ እየነቀነቁ ማየት ይበቃል። አራት ትርፍ ብሎን፣ 4 ሚሊ ሜትር ባለስድስት ጎን መፍቻና ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ ሁልጊዜ አይለዩ።

መጫኛው ራሱ ከብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ከአሉሚኒየም ይልቅ የተሰበረ ብረት የትም ቦታ ይበየዳል። ቴላዮው ወይም የፊት ሹካው ካርቦን ከሆነና አምራቹ የመጫኛ ቀዳዳ ካላበጀለት፣ በማጥበቂያ ማሰር ቱቦውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይሞከርም።

ተረከዝ የኋላውን ቦርሳ እየመታ ካስቸገረ ቦርሳውን ትንሽ ወደ ኋላ ማንሸራተት መፍትሔ ነው፤ ከጎማው መሃል በጣም ካለፈ ግን የፊት ጎማው እንደገና ይቀላል። ተንጠልጣይ የማሰሪያ ጫፍ ሁሉ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ጎማ ውስጥ ከገባ በቅጽበት ያቆማል።

ይህ ሁሉ ከታሰረ በኋላ ብስክሌቱን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስቶ መልቀቅና ጆሮ መስጠት ነው። የሚንኳኳ ነገር ካለ አልጠበቀም ማለት ነው። ቀጥሎም በሙሉ ጭነት አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ወጥቶ መውረድ፣ ፍሬኑ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያቆም ማየት ያስፈልጋል፤ የተጫነ ብስክሌት ባዶው ከሚቆምበት ርቆ ነው የሚቆመው። ይህን ሙከራ ለጉዞው ከመነሳት ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ማድረግ ዕቃ ለመቀነስም ጊዜ ይሰጣል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የብስክሌት ጠጋኝ