ሎሚ እና የተቀረጸ እርሳስ

ዱባይ፣ ዴራ
ኅዳር

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እማና አባባ እንዴት ናቸው? የእማ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱም በረድ ብሏል። ማታ ማታ በእግር መሄድ ተችሏል።

የላክኸውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። "እቴ፣ ሽቶ ላኪልኝ። ግን ኡድ ይሁን፣ በር ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ዞር የሚልበት" ያልከውን። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ሳቄ አመለጠኝ። አይ ወንድሜ! መምህር ሆንክ እንጂ ሙሽራ መቼ ሆንክ?

ኡዱን፣ ያን ከባድ የዓረብ ሽቶ፣ አልላክሁልህም። ከመቀየምህ በፊት ስማኝ። ጠዋት ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጣበህ ትሄዳለህ። ከዚያ አቧራ እንዳይገባ መስኮት ዘግተህ 60 ልጅ ይዘህ ትውላለህ። ኡድ እንዲህ ባለ ቦታ ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቀኝ፣ በየቀኑ ሊፍት ውስጥ አየዋለሁ። ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወርደው። የሚያምረው ለሰርግ ነው፣ ለዒድ ነው። አንተም ለዒድ የምታወጣውን ልብስ ለብሰህ ሰሌዳ አትጠርግም።

የላክሁልህ 100 ሚሊ ሊትር ነው፣ 38 ድርሃም። እዚህ የሁለት ቀን ምሳ ማለት ነው። ሽታው ሎሚና እንጨት ነው። "በዚህ ዋጋ ደግሞ ምን ሽቶ አለ?" ማለትህ አይቀርም። መጠንቀቅህ ልክ ነው፣ እኔም ተሸውጄ ነው የተማርኩት።

ሰው ቤት እሠራ በነበረ ጊዜ፣ አንድ የእረፍት ቀን ወጥቼ በ10 ድርሃም የሎሚ ሽቶ ገዛሁ። ሻጩ ወረቀት ላይ ረጨልኝ። ሎሚው ፍክት ብሎ መጣ፣ ደስ አለኝ። ገና አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ምን ሸተተኝ መሰለህ? የወለል ማጽጃ! ሳምንቱን ሙሉ ስወለውለው የከረምኩት እሱን ነው። በዕረፍቴ ቀን ከፍዬ ራሴን ወለል አስመሰልኩት። የተረፈውን ሽንት ቤት ውስጥ ጨረስኩት።

ምን እንደጎደለው የገባኝ ሽቶ ሱቅ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። አለቃዬ ሕንዳዊ ነው፣ የኬረላ ሰው። ሽቶ ሦስት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ የሚመጣ፣ መሃል ላይ የሚመጣ፣ መጨረሻ የሚቀር ብሎ አስረዳኝ። "ይሄማ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው" አልኩት። ቡና አፍልቼ እስካሳየው ድረስ አልገባውም።

አቦሉ ሎሚው ነው። የሎሚም፣ የብርቱካንም፣ የበርጋሞትም የልጣጭ ዘይት ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል። (በርጋሞት በጣሊያን ደቡብ፣ ካላብሪያ የሚበቅል ፍሬ ነው። አፍ ላይ ይመራል፣ ልጣጩ ግን ለሽቶ ሰዎች ወርቅ ነው።) በረካው እንጨቱ ነው። እሱ ከባድ ስለሆነ ቀስ እያለ ነው የሚተነው፣ ሸሚዝ ላይ ያድራል። የእኔ የ10 ድርሃም ሽቶ አቦል ብቻ ነበር። አንድ ስኒ ጠጥተህ ረከቦቱ ሲነሳብህ አስበው። ለዚህ ነው ሽቶ ወረቀት ላይ አሽትቶ ወዲያው መግዛት የማይገባው። እጅህ ላይ አስረጭ፣ ዞር ዞር ብለህ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስ። ይህን ለደንበኛ ብናገር አለቃዬ አይወድልኝም፣ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ።

የእንጨቱ ነገር ነው የደነቀኝ። ካርቶኑ ላይ ሴዳር፣ ማለት አርዘ ሊባኖስ፣ የሚል ታያለህ። ሽቶ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው አንዱ የቨርጂኒያ ሴዳር ይባላል። ስሙ ሴዳር ይባል እንጂ ዛፉ የጥድ ዘር ነው፣ የእኛው አገር ጥድ ዘመድ። ፈረንጆቹ እርሳስ ይሠሩበት ነበር። የእኛንም ጥድ "የእርሳስ ሴዳር" ብለው ነው የሚጠሩት። አባባ በገዛልን እርሳስ አንድ ምላጭ ተሻምተን ስንቀርጽ፣ አንተ ልጣጩን እየሰበሰብክ ታሸት የነበረው ትዝ አለህ? እሱ ነው። የአያታችን ቤት ምሰሶም ጥድ ነው፣ ክረምት ሲገባ እንዴት እንደሚሸት ታውቀዋለህ። ጠርሙሱን ስትከፍት መጀመሪያ ሎሚ ይመጣል። ሎሚው ሲሄድ ያ እርሳስ ይቀራል።

ሌላው ቬቲቨር ነው። አዎ፣ ያው ቬቲቨር! የግብርና ሠራተኞቹ እርከኑ ላይ ትከሉ ሲሉ አባባ "ከብት ጠግቦ ለማይበላው ሳር" እያለ ያጉረመረመበት። ሥሩ ጥልቅ ወርዶ አፈር ይይዛል ብለውት አልነበር? ሽቶ የሚሆነውም ያው ሥሩ ነው። ሄይቲ ውስጥ ገበሬው ቆፍሮ ያወጣዋል፣ ከዚያ በእንፋሎት ዘይቱን ይጨምቁታል። የረጠበ አፈርና ትንሽ ጢስ ይሸታል። ለአባባ ንገረው፣ ይስቃል። ቆፍሮ እንዳይነቅለው ግን አደራ፣ እርከኑ ይናዳል።

እውነቱን ለመናገር፣ በ38 ድርሃም ሁሉም ከዛፍና ከሥር የወጣ ነው ብዬ አልዋሽህም። አብዛኛው ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ነው። ውዶቹም ውስጥ እንዲሁ የላብራቶሪው አለ። አፍንጫ ላይ ካልጎረበጠ እኔ ግድ የለኝም።

አሁን ደግሞ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ላውጋህ። ፀጉር አስተካካዩ ለአባባ አንገቱ ላይ የሚያደርግለት ኮሎኛ አለ አይደል? ኮሎኛ የከተማ ስም ነው፣ ጀርመን አገር ያለችው ኮሎኝ። ዮሐን ማሪያ ፋሪና የሚባል ጣሊያናዊ ከአገሩ ወጥቶ ኋላ እዚያ ኖረ። በፈረንጆቹ 1708 ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈለት። የጣሊያንን የጸደይ ጠዋት፣ ከዝናብ በኋላ ያለውን የብርቱካን አበባ የሚያስታውሰኝ ሽታ አገኘሁ አለው። ሽቶውንም ኋላ በኖረባት ከተማ ስም ጠራው። ሎሚ ሎሚ የሚሸት ብዙ ሽቶ እስከ ዛሬ የእሱን መንገድ ይከተላል። አሠልጣኙ ይህን ሲያወራ ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የነበረችው ፊሊፒናዊት ጉንፋን መስሏት መሃረብ ሰጠችኝ።

እኔ ይህን ሽቶ ስረጨው ጣሊያን አይታየኝም። የሚታየኝ መርሳ ነው። ወደ ወልድያ ስንሄድ መኪናው ቆሞ፣ እማ በመስኮት ብርቱካን ገዝታ፣ በጥፍሯ ስትልጠው ዓይናችን ውስጥ የሚረጨው። አንተ ታለቅሳለህ፣ እሷ ልጣጩን አንገትህ ላይ ታሽልሃለች። ለካ ያኔም ሽቶ ቀብታሃለች።

በል አጠቃቀሙን ልንገርህ። ስትታጠብ አንገትህን ትንሽ ቫዝሊን ቀባ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ አይቆይም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ብቻ እርጭ። ወላሂ ሦስት ይበቃል። በእጅህ አትሸው። ነጭ ሸሚዝህ ላይ በቀጥታ አትርጭ፣ ምልክት ሊተውበት ይችላል። ረፋድ ላይ "ጠፋ" ብለህ እንዳትደግም። አፍንጫህ ለምዶት ነው እንጂ ፊት የተቀመጡት ልጆች ይሸታቸዋል። የደሴ ብርድ ሽቶ ያፍናል። ኮምቦልቻ ስትወርድ ግን ሙቀቱ ያወጣዋል፣ እዚያ ሁለቴ ይበቃሃል። መስኮት ላይ አታስቀምጠው፣ ፀሐይ ያበላሸዋል። ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተተው። ከምሳ በኋላ ሎሚውን አትጠብቀው፣ እሱ ሄዷል። ክዳኑም ልል ነው። እንደ ዋጋው ነው ምን ታደርገዋለህ፣ በቴፕ አስሬዋለሁ።

ለአባባ ለጁምዓ የሚሆነው አልኮል የሌለው የዘይት ሽቶ በትንሿ ብልቃጥ አለ። ለእማ ሻርፕ ነው። ወይባና ሉባንጃ ለምታጨስ ሴት ከዚህ ሽቶ መላክ አፈርኩ።

ዕቃውን የምታመጣልህ አንዲት የባቲ ልጅ ናት፣ ሰኞ ትገባለች። ስትደርስ ትደውልልሃለች። ሻንጣዋ ሞልቶባት የራሷን ጫማ አውጥታ ነው የያዘችልኝ፣ ስለዚህ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ።

እማ ዋጋውን ከጠየቀችህ "ሱቁ ሰጣት" በላት። ውሸት አይደለም፣ አለቃዬ ግማሹን ቀንሶልኛል።

እህትህ