መርፌው ወር በወር ነው፣ መዋጮውም ወር በወር ይሁን

የባሕር ዳር ልጆች፣ እዚህም ያላችሁ ውጭም ያላችሁ፣ ዛሬ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ነርሶች፣ መምህራንና የዕድር ሰዎች ተሰባስበን በከተማው፣ በዘጌና በጣና ደሴት በደቅ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ልብ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ለማስመርመር ተነስተናል። ስንቱ እንደታመመ ማወቅ እንፈልጋለን። የታመመውንም እንዲሁ ቆጥረን አንተወውም።

በሽታው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ጉሮሮ ነው። ልጁን ቶንሲል ይይዘዋል፤ ከባክቴሪያ የመጣ ሆኖ በወጉ ካልታከመ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ሊመጣበት፣ ዛሬ ጉልበቱ ነገ ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ ይችላል። «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባክቴሪያውን ለመከላከል የተነሳው የሰውነቱ ኃይል ግን የራሱን የልብ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈውን የልብ በር) ያቆስላል፣ ሲደጋገምም ቫልቩ ይጠብባል ወይም አልገጥም ይላል። በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። እግረ መንገዴን ልለምናችሁ፦ ለጉሮሮ ሕመም ብላችሁ እንጥል አታስቆርጡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ክፋቱ ድምፅ የለውም። ልጁ ኳስ ይጫወታል፣ ታንኳ ይቀዝፋል፣ ምንም የሆነ አይመስልም። በሐኪም ማዳመጫ ብቻ ከታየም ብዙው ያመልጣል። በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ጥናት፣ ኢኮ ያገኛቸው ልጆች በማዳመጫ ከተገኙት 10 እጥፍ ያህል እንደሆኑ አሳይቷል። ሞዛምቢክ ውስጥ ከ1,000 ተማሪ 30 ገደማ ነበሩ።

«ለጥናት ከምታወጡት የታመመውን አታሳክሙም?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቀድሞ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በሽታው ገና ሲጀምር በኢኮ የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት ደግሞ 8.2 በመቶ ነበሩ። ዘግይቶ የተገኘ ልጅ ግን ቀዶ ሕክምና ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዶ ወረፋ ይጠብቃል፤ የብረት ቫልቭ ከተገጠመለት ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ እየዋጠ ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት። የደቅ ሰው ለዚያ ሁሉ ጀልባ መሳፈር ይኖርበታል። በሽታው እንዳለባቸው ገና ሲያረግዙ የሚያውቁ ሴቶችም አሉ።

ስለዚህ የምንሰበስበው ብር አብዛኛው ከምርመራው በኋላ ላለው ሥራ ነው። መርፌው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ መርፌውን ይደፍናል፣ ያማልም። ነርሷ ብልቃጡን በመዳፏ እያሽከረከረች ታሞቀዋለች፣ ቀስ ብላ ትገፋዋለች፤ እንዲያም ሆኖ ልጁ እያነከሰ ነው የሚወጣው። ይህ ደግሞ ለዓመታት ይቀጥላል። አንድ ወር መድኃኒቱ ከጠፋ፣ ወይም ለጀልባ የሚከፈል ካጣ፣ ወይም «ቀንህ ደርሷል» ብሎ የሚደውልለት ከሌለ ልጁ ይቀራል። በቀረበት ወር ቶንሲሉ ከተመለሰ ልቡ እንደገና ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ነው አንዴ ብዙ ሰጥታችሁ ከምትጠፉ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ብትሰጡን የምንመርጠው። በዕድራችሁ በኩል አዋጡ፣ የሒሳብ ቁጥሩ በየዕድሩ ጸሐፊ እጅ አለ። ገቢና ወጪው በየወሩ በዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ የልጆቹ ስም ግን የትም አይወጣም። ብር የሌላችሁም ታስፈልጉናላችሁ፦ የጀልባ ባለቤቶች በመርፌ ቀን ለአንድ እናትና ልጅ ቦታ ያዙልን፤ ባሕር ዳር ቤት ያላችሁ፣ ከሰዓት ጣና ተናውጦ መመለስ ላቃታቸው የአንድ ሌሊት ማደሪያ ስጡን፤ ስልክ መደወል የማይሰለቻችሁ ወጣቶች ደግሞ አምስት አምስት ልጅ ተረከቡ።